ርኅወተ ሰማይ በጁባ

ጳጉሜን 3 ቀን ጁባ ላይ ዝናብ ሲዘንብ፣ ከምሠራበት ሆቴል የቆርቆሮ ጣሪያ የሚንዠቀዠቀውን ውሃ በሁለት መዳፌ እየተቀበልሁ አናቴንና ፊቴን ስዳብስ ያየኝ እንግዳ፣ ይህን ሽበታም ሀበሻ ምን ነካው ብሎ ቢገረም አልፈርድበትም፤ ዕለቱ የመልአኩ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል መሆኑን፣ አባቶችም ርኅወተ ሰማይ ብለው የሰማይ ደጅ የሚከፈትበት ቀን አድርገው እንደሚያከብሩት፣ በልጅነቴም ጎንደር ላይ ልብሳችንን ጥለን በዝናቡ ውስጥ እየዘለልን ሩፋኤል እንዲያሳድገን እንለምን እንደ ነበር በጁባ ዓረብኛ ለማስረዳት የሚበቃ አንደበት የለኝም።

ከበዓሉ ጋር ተጣብቆ የማይላቀቀኝ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱ ግን እንደ በዓሉ የከበረ አይደለም፤ እንዲያውም ለሽማግሌ የማይመጥን ሊባል ይችላል። በከዋክብት መካከል የምትመላለስ የአንዲት መርከብንና የባሕርተኞቿን ታሪክ የሚተርከው ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካኖች ተከታታይ ድርሰት፣ በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገሩ የታየበት ቀን በእነርሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ሲሆን፣ ባሕረ ሐሳብ የቀመሰ ሰው ጣቱን ቆጥሮ እንደሚደርስበት በእኛ ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። የሰማይን ደጅ እከፍታለሁ ብሎ የተነሣ ድርሰት ርኅወተ ሰማይ በሚባለው ዕለት መጀመሩን ባገኘሁ ጊዜ፣ ብቻዬን በሆቴሉ ገንዘብ መቀበያ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። እርግጥ ነው፣ አጥብቆ ጠያቂ ቢመጣ፣ አሜሪካ ምሽት በነበረበት ሰዓት በእኛ ሀገር ሌሊቱ ተገምሶ ወደ ጳጉሜን 4 አዘንብሎ ነበርና በዓሉ አልፏል ይለኝ ይሆናል፤ ካናዳም ከአሜሪካ ሁለት ቀን ቀድማ አሳይታዋለች፤ እኔ ግን ይህን ያህል ለሚመራመር ሰው ቡና አላስፈላም።

ነገሩን መውደድ የጀመርሁት ጁባ ሳልመጣ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ከየኔታ እግር ሥር ስቀመጥ ሰባቱን ሰማያት፣ ጽርሐ አርያምን፣ መንበረ መንግሥትን፣ ሰማይ ውዱድን፣ ኢየሩሳሌም ሰማያዊትን፣ ከእነርሱም በታች የመላእክት ከተሞች የሆኑትን ኢዮርን፣ ራማንና ኤረርን በቃሌ አጥንቼ ስለ ነበር፣ ከብዙ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰፈር ጎረምሳ ጋር ተጋፍቼ ኢንተርፕራይዝ የምትባለውን መርከብ ሳያት እንደ ሌላው ተመልካች አልተደነቅሁም፤ ሄኖክ ቀድሟት እንደ ሄደ አውቅ ነበርና። የደነቀኝ ሌላ ነበር፤ በመርከቧ አዛዥ አጠገብ፣ ጥሪ በምትቀበልበት ስፍራ አንዲት ጥቁር ሴት በማዕርግ ተቀምጣለች፤ ስሟም ኡሁራ ነው።

ወደ ጁባ የመጣሁት በ1999 ዓ.ም. ነው። የሰሜንና የደቡብ ሱዳን የሰላም ውል ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ሀበሻው በየፊናው ወደዚህች ከተማ ጎርፎ፣ አንዱ የውሃ ቦቴ ሲነዳ፣ ሌላው በነጭ ዓባይ ዳርቻ ኮንቴይነር ደርድሮ ሆቴል ሲል፣ እኔ ደግሞ ሒሳብ በማወቄ ከእነዚህ ሆቴሎች በአንዱ ገንዘብ ያዥ ሆንሁ። መብራት የሚባለው በጄኔሬተር ነው፤ ናፍጣው ሲያልቅ ወይም ሞተሩ ሲያኮርፍ ሆቴሉ በአንድ ጊዜ ይጨልማል፤ እንግዳው በአምስት ቋንቋ ይሳደባል። ሒሳቡን ዘግቶ የሄደ አንድ የውጭ ሀገር ሰው ከአልጋው ሥር ትቶት በሄደ ካርቶን ውስጥ ዲፕ ስፔስ ናይን የተባለውን የስታር ትሬክ ክፍል በሙሉ በዲቪዲ አገኘሁትና፣ እንግዳ በሌለበት ማታ በመጠጥ ቤቱ ቴሌቪዥን አየው ጀመር።

አንድ ምሽት ጄኔሬተሩን ጠግኖ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የገባ ረዥም የሀገሩ ሰው፣ ከኋላዬ ቆሞ ጥቂት ካየ በኋላ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው የሚጠግነው?» አለኝ። አማርኛውን ከየት አገኘኸው ብዬ አልጠየቅሁትም፤ በዚህ ከተማ ከጄኔራሉ እስከ ዘበኛው በጋምቤላ በኩል ያለፈ ሰው አማርኛ እንደማያጣ ለምጄዋለሁ። በኋላ እንደ ነገረኝ፣ በሕፃንነቱ ከጦርነቱ ሸሽቶ ኢታንግ በተባለው የስደተኞች ሰፈር ያደገ ሲሆን፣ ደርግ ሲወድቅ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሰፈሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ ሲቀር፣ እርሱም ከሕዝቡ ጋር በዝናብ ውስጥ በእግሩ ወደ ሱዳን ተመልሷል። የጠየቀኝ ሰውዬ ኦብራያን የሚባለው መሐንዲስ ነበር፤ ሌላ ሕዝብ ለራሱ ሠርቶ፣ ሲለቅም አበላሽቶት የሄደውን የጠፈር ጣቢያ ሌት ተቀን ይጠግናል። ወዳጄ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ጄኔሬተሩ ባይበላሽም መምጣቱን አልተወም።

ይህ ክፍል ከሌሎቹ ይለያል፤ መርከብ አይሄድም፤ በአንድ ድንበር ላይ ቆሞ መጪውንና ሂያጁን ይቀበላል። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ተጀምሮ በሰባት ዓመት ትዕይንት 176 ክፍል የታየ ሲሆን፣ አዛዡ ሲስኮ ጥቁር ሰው ነው፤ በአጠገቡ ያለችው ዓለም ባጆር ደግሞ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል በባዕድ ገዥ ሥር ቆይታ ገና ነፃ የወጣች፣ ቤተ መቅደሷ የተዘረፈ፣ ልጆቿም ከየስደቱ የሚመለሱባት ሀገር ናት። ወዳጄ ኪራ የምትባለውን፣ ከጫካ ታጋይነት ወጥታ በአንድ ጊዜ ባለሥልጣን የሆነችውንና የሥልጣኑ ወንበር የሚቆረቁራትን ሴት ባየ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ይችን ሴትዮ እኮ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አውቃታለሁ» አለኝ። የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ኳርክን፣ ያንን ጆሮ ሰፊ ነጋዴ፣ ከተጣሉት ወገኖች ከሁለቱም ገንዘብ የሚቀበለውን ሲያይ ግን ወደ እኔና ወደ ገንዘብ ሳጥኔ ዞሮ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ ሐሰት አይደለማ።

በመካከላችን ረዥም ነገር ያስነሣው የጣቢያው ሐኪም ጁሊያን ባሺር ነው። ወጣት፣ ተናጋሪ፣ መልከ መልካም፣ ጠይም፤ በመክፈቻው ጽሑፍ ላይ የተዋናዩ ስም መጀመሪያ ሲዲግ ኤል ፋዲል፣ ከሦስት ዓመት ትዕይንት በኋላም አሌክሳንደር ሲዲግ ተብሎ ይነበባል። የዚህን ሰው ትውልድ ሳጠያይቅ ያገኘሁት ነገር ለጥቂት ቀን እንቅልፍ ነሥቶኛል። የተወለደው ሱዳን ነው፤ ቀኑም ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ኅዳር ሚካኤል፤ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ደግሞ ማህዲ ተብሎ ከተነሣው ከመሐመድ አህመድ ይደርሳል፤ ለሱዳን ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሳዲቅ አል ማህዲም የሥጋ ዘመዱ ነው። የእናቱ ወንድም ደግሞ እንግሊዛዊው ተዋናይ ማልኮም ማክዱዌል ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ፊልም የኢንተርፕራይዝን አዛዥ ካፒቴን ከርክን ለሞት የሚያበቃውን ክፉ ሰው ሆኖ የተጫወተው እርሱ ነው፤ በአባት ወገን የማህዲ ዘር፣ በእናት ወገን የከርክ ገዳይ እኅት ልጅ!

አንባቢ ሆይ፣ እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። አያቴ ሌሊት አልተኛ ስንላት የምታስፈራራን በጅብ አልነበረም፤ ከእናቷ በሰማችው በድርቡሽ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጠለው፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ራሳቸውን ቆርጦ ወደ ኦምዱርማን የወሰደው የድርቡሽ ጦር፣ ማህዲው ራሱ ከሞተ በኋላ በተከታዩ በኸሊፋው የዘመተ ቢሆንም፣ በአያቴ አንደበት ሁሉም አንድ ስም ነበሩ። ከዚህ ከጁባ በስተ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚታየው የረጃፍ ተራራ ግርጌም፣ ይኸው ጦር ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንጎ ነፃ መንግሥት ጦር በ1889 ዓ.ም. እስኪያስወጣው ድረስ የሰፈረበት ስፍራ ነው። እንግዲህ በአንድ ወገን የጎንደሬው፣ በሌላው ወገን የደቡቡ ሰው፣ ሁለታችንም ከዚያ ስም ጋር ያልተዘጋ ሒሳብ ያለን፣ በናፍጣ መብራት ተቀምጠን የዚያኑ ቤት ልጅ ቁስለኛ ሲያክም እናይ ነበር። ነገሩን ለወዳጄ ስገልጥለት ብዙ ጊዜ አልመለሰልኝም፤ ሳዲቅ አል ማህዲ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበረበት ዘመን እርሱ ኢታንግ ውስጥ የእርዳታ እህል የሚጠብቅ ልጅ ነበርና። በመጨረሻ ግን፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ሐኪም ነው» አለኝና፣ ቀጣዩን ክፍል እንድጨምር በእጁ አመለከተኝ። እኔም ጨመርሁ። በጉዳዩ ላይ ከዚህ የተሻለ ፍትሐት ከማንም አልሰማሁም።

ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ሀገሪቱ ነፃ ስትወጣ የነበረውን እልልታ ሌሎች ጽፈውታልና አልደግመውም። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ሌሊት ግን ተኩስ ተጀመረ። ወዳጄ በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ ሊታይ የማይገባው ነገድ ተወላጅ ስለ ነበረ፣ ሁለት ቀን በጄኔሬተሩ ቤት ውስጥ፣ በናፍጣ በርሜሎች መካከል ተኝቶ፣ በሦስተኛው ቀን ቶንግፒኝ ወደሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ተጠጋበት ሸሸ። ከዚያም ስልክ መሙያ የሚሆን ሞተር አስነሥቶ፣ ማታ ማታ ይደውልልኝ ጀመር፤ የመጀመሪያ ቃሉም ሁልጊዜ፣ «ጋሼ፣ ምን ወሬ አለ?» የሚል ነው።

ወሬማ ነበረ። ከሆቴሉ በር ቆሜ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ይኖርበት የነበረው ሰፈር ምን እንደ ሆነም ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሽቦ ውስጥ ለታጎረ ሰው በጨለማ ይህን እንዴት አድርጌ ልናገር? ምላሴ ሲተሳሰርብኝ፣ ከየት እንደ መጣልኝ ሳላውቀው፣ «ስኮቲን ታስታውሰዋለህ? የመጀመሪያዋን መርከብ መሐንዲስ? ተዋናዩ ጄምስ ዱሃን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የካናዳ ወታደር ሆኖ ኖርማንዲ ሲወርድ ቀኝ እጁ ተመትቶ የመካከለኛ ጣቱ ተቆርጧል፤ ለዚህ ነው ያንን እጁን ብዙ ጊዜ የሚሸሽገው» አልሁት። ከወዲያ በኩል ጸጥታ ሆነ፤ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ቀጥሎም፣ «እኔ አውቄው ነበር፤ የመካኒክ እጅ እንደዚያ አይሸሸግም» አለ፤ ሳቀም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በመካከላችን ያልተጻፈ ውል ቆመ፤ እርሱ ምን ወሬ አለ ይላል፣ እኔ ስለዚያች መርከብ እነግረዋለሁ፤ ስለ ከተማይቱ እርሱ አይጠይቅም፣ እኔም አልናገርም። ቀን ቀን ስንቅ እንደሚሰበስብ ሰው ወሬ ስሰበስብ እውላለሁ።

ሰዎቹ ከመርከቧ ወደ ምድር በብርሃን ተነው የሚወርዱት ጥበብ ስላማራቸው ሳይሆን፣ መርከቢቱን በየሳምንቱ ስታርፍ ለማሳየት ገንዘብ ስላልበቃቸው መሆኑን ነገርሁት፤ ይህን እንደ ሆቴል ሠራተኛ ወዲያው ገባው። ድርሰቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊቋረጥ ሲል ተመልካቹ ደብዳቤ እየጻፈ አንድ ዓመት እንዳስጨመረለትና በ79ኛው ክፍል ግንቦት 26 ቀን 1961 ዓ.ም. እንደ ቆመ፤ ይኸው ወገን እንደ ገና ደብዳቤ ጽፎ የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የጠፈር መንኮራኩር ኢንተርፕራይዝ ብሎ እንዲሰይም እንዳደረገ፤ ያቺ መንኮራኩር ግን ለአየር ላይ ፍተሻ ብቻ አገልግላ ወደ ጠፈር አንድ ቀንም ሳትወጣ ሙዚየም እንደ ገባች ነገርሁት። ለዚህኛው አዘነ፤ «ደብዳቤ የጻፉት ሰዎች ምን አሉ?» ብሎ ሁለት ሌሊት ጠየቀኝ።

ስኮቲ በሦስተኛው ፊልም ላይ የሚናገረውን ደግሞ እርሱ ራሱ ከእኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ያ መሐንዲስ ጥገናው የሚፈጀውን ጊዜ ሁልጊዜ በአራት አባዝቶ ለአዛዡ እንደሚናገርና፣ በዚህም ተአምረኛ እንደሚባል። «አንተስ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ አንድ ሰዓት የሚበቃውን ለአለቃችሁ አራት ሰዓት ስለው አልነበረ?» አለኝ። ለስንት ዓመት የከፈልነው ትርፍ ሒሳብ በዐይኔ ፊት አለፈ።

ሊዮናርድ ኒሞይ፣ በመጀመሪያዋ መርከብ ላይ ስፖክ ሆኖ የተጫወተው፣ የካቲት 20 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲያርፍ ወዳጄ አሁንም በመጠለያ ውስጥ ነበር። ያን ማታ የነገርሁት ከሁሉ የምወደውን ነው። ስፖክ አራት ጣቶቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ የሚሰጠውን ሰላምታ ኒሞይ የወሰደው ቦስተን ውስጥ በልጅነቱ ካየው ከአይሁድ ምኵራብ ሲሆን፣ ካህናቱ በኦሪት ዘኍልቍ 6ኛ ምዕራፍ አሮን እንዲባርክ በታዘዘበት ቃል ሕዝቡን ሲባርኩ እጃቸውን እንደዚያ ይዘረጋሉ፤ ሕዝቡ ቀና ብሎ እንዳያይ ቢከለከልም ሕፃኑ ሰርቆ አይቷል። ጣቶቹ የሚሠሩት ቅርጽ ሣን የተባለውን የዕብራይስጥ ፊደል ነው፤ እኔም ፊደሉን በስሙ የማውቀው በዳዊት 118ኛው መዝሙር አናት ላይ ከአሌፍ ጀምሮ ተደርድሮ ስላጠናሁት ነው። ወዳጄ በስልክ ውስጥ ጣቶቹን ሲሞክር ይሰማኛል ብል ማን ያምነኛል? «ግራዬ እሺ አለኝ፤ ቀኜ ግን እንቢ አለ» አለኝ።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጁባ ላይ ዳግመኛ ውጊያ ሲነሣ ግን ወዳጄ ከዚህ በላይ አልቆየም፤ በብዙ እንግልት ወደ ጋምቤላ ተሻገረና፣ በልጅነቱ ለቅቆት በወጣው ምድር ሁለተኛ ስደተኛ ሆነ። ስልኩ አልተቋረጠም፤ አንዳንዴ በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም በሦስት። ዊልያም ሻትነር፣ ያ ካፒቴን ከርክ፣ በ90 ዓመቱ ጥቅምት 3 ቀን 2014 ዓ.ም. በእውነተኛ ሮኬት ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ሲመለስ እንዳለቀሰ ነገርሁት። ኡሁራን ሆና የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ሐምሌ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ስታርፍም እኔ ነኝ ያረዳሁት። ስሟ ኡሁሩ ከሚለው የስዋሂሊ ቃል፣ ነፃነት ከማለት፣ መውጣቱን ከኬንያና ከኡጋንዳ በመጡት የቦዳ ቦዳ ነጂዎች ምክንያት ጁባ ላይ የማያውቅ የለም፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራውን ልትተው ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ እንዳትተው እንደ መከራት ግን አልሰማም ነበር። በዚሁ በ2014 ዓ.ም. ግንቦት፣ ጃፓኖች በዓባይ ላይ የሠሩት አዲሱ ድልድይ ተመርቆ ስሙ የነፃነት ድልድይ ተብሏል፤ እኔ በልቤ የኡሁራ ድልድይ እለዋለሁ፤ ቦቴ ነጂዎቻችን ግን ድልድዩ ብቻ ነው የሚሉት። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል፣ በበዓሉ ማግሥት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከኒኮልስ አመድ ጥቂቱ ቩልካን በተባለ፣ በስፖክ ወገን ስም በሚጠራ ሮኬት ተጭኖ ፀሐይን ወደሚዞር ጎዳና ወጣ። የድርሰቱ ፈጣሪ የጂን ሮደንቤሪና የባለ ዘጠኝ ጣቱ የስኮቲ አመድም አብሮ ነበረ። «አብረው ሄዱ?» አለኝ። «አብረው» አልሁት።

ባለፈው ጳጉሜን 3 ቀን፣ ዝናቡን በመዳፌ ተቀብዬ ስመለስ ስልኩ ጮኸ። ጋምቤላም እየዘነበ ነው፤ በሰፈሩ የውሃ መሳቢያ ሞተር ላይ ተቀጥሮ እንደሚሠራ፣ ሞተሩም እንደ ልማዱ እንዳኮረፈ ነገረኝ። ቀጥሎም እንደ ዘበት፣ ጁባን ማየት እንዳማረው፣ መንገዱም አሁን እንደሚያሳልፍ መስማቱን ጨመረ።

«መቼ ትመጣለህ?» አልሁት።

«ሥራው አለ፤ ወረቀቱም አለ። አራት ወር ይፈጅብኛል፣ ጋሼ።»

ስልኩን ዘግቼ መዝገቡን ከፈትሁና፣ ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ሰባት ቁጥር ክፍል እንዳይከራይ ጻፍሁበት።